ክብሪቱን ተዉት
ሰው የሚጥል በሽታ ሲጥለው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ስር ማጨስ በቱም ከተማም በአዲስ አበባም የተለመደ ነው። ጥቅም የለውም። መንቀጥቀጡ የሚመጣው የአንጎል ነርቮች ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ መልእክት በአንድ ጊዜ ሲለቁ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ራሱ ይቆማል፣ ምስጋናውን ግን ክብሪቱ ይወስዳል!

የታማሚው ለሃጭ በሽታውን አያስተላልፍም፤ አትሽሹ። ከምድጃና ከድንጋይ አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የበሽታው መድኃኒት ፊኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ ብዙዎችን ከመውደቅ ያድናል። «ተሻለኝ» ብሎ በድንገት ማቋረጥ ግን የባሰ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ጸበል የምትሄዱም፣ ለቡና ለቀማ ወደ ቴፒ የምትወርዱም፣ ክኒኑን ለምትቆዩበት ጊዜ በሚበቃ መጠን ያዙ።