የሴፍቲኔት ክፍያ፣ የእህል ዋጋና የወላይታ ገበያ

በሶዶ፣ በቦዲቲ፣ በአረካ ወይም በቢጠና ሱቅ ከፍቶ የሚነግድ ሰው የዓመቱን ወራት ከሽያጭ መዝገቡ ላይ ለይቶ ያውቃቸዋል። በመስከረም ጊፋታና መስቀል ሲደርሱ ልብሱም፣ ቅቤውም፣ ሠንጋውም ገዢ ያገኛል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ግን የመኸሩ እህል ከጎተራ ስለሚያልቅና አዲሱ ሰብል ገና ስለማይደርስ ገበያው ይቀዘቅዛል። የወላይታ ገበሬ ይህን ክፍተት በስኳር ድንች፣ በጎደሬና በእንሰት ሲሸፍነው ኖሯል። ይሁን እንጂ በ1999 ዓ. ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በዞኑ ውስጥ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ350 በላይ ሰው ይኖር ነበር። ማሳው እየጠበበ በሄደ መጠን፣ የበልግ ዝናብ አንድ ጊዜ በቀረ ቁጥር ችግሩን ለማለፍ ሲባል ላሚቱ ወይም በሬው ወደ ገበያ ይነዳል። በሬውን የሸጠም ለሚመጣው ዓመት የሚያርስበትን ያጣል።

ቀድሞ የነበረው አሠራር ድርቅ በደረሰ ጊዜ ሁሉ የእርዳታ እህል ከውጭ አገር መጠየቅ ነበር። መርከቡ ወደብ ደርሶ እህሉ በካሚዮን ተጭኖ ወረዳ እስኪገባ ድረስ ግን ችግረኛው ከብቱን ሸጦ ይጨርሳል። ይህን ለማስቀረት መንግሥት ከዓለም ባንክና ከለጋሽ አገሮች ጋር ሆኖ በ1997 ዓ. ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምን ሲያቋቁም በመላ አገሪቱ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ታቀፈበት፤ በወላይታ ወረዳዎችም ሥራው ተጀመረ። በደንቡ መሠረት ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር የ5 ቀን ክፍያ፣ በዓመት ለ6 ወር ይታሰብ ነበር። መሥራት የሚችሉት በእርከን፣ በገጠር መንገድና በኩሬ ቁፋሮ ይሰማራሉ፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ያለ ሥራ ይረዳሉ።

ነጋዴውን በቀጥታ የሚመለከተው የክፍያው ዓይነት ነው። በመጀመሪያ የተወሰነው የቀን ሒሳብ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ሲሆን፣ ሁለቱ እኩል ዋጋ አላቸው ተብሎ ነበር። ከሁለቱ ገንዘቡ የተሻለ መስሎ የታየበት ምክንያት አያስቸግርም። እህል የተከፈለው ሰው ከመጋዘን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ብር የተከፈለው ግን በቆሎውን ከአካባቢው ገበሬ፣ ጨውና ሳሙናውን ከባለ ሱቅ ይገዛል፤ ስለዚህ አንዱ ብር ከአንድ እጅ በላይ ያልፋል።

በ2000 ዓ. ም. ግን ይህ ሒሳብ ፈረሰ። በዓለም ገበያ የእህልና የነዳጅ ዋጋ በናረበት በዚያው ዓመት በወላይታም የበልጉ ዝናብ ቀረ። የቀን ክፍያው ወደ 8 ብር፣ በኋላም ወደ 10 ብር ከፍ ቢደረግም የእህሉን ዋጋ ሊከተለው አልቻለም፤ አስቀድመው ገንዘብን ይመርጡ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦችም እህሉ ይሰጠን ማለት ጀመሩ። የገዛ ደንበኛው ብሩን ትቶ የመጋዘን እህል ሲመርጥ ማየት ለነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም። ጥፋቱ የነጋዴው ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ ብር ለድኻ የሚጠቅመው በገበያው ውስጥ በሚደረስበት ዋጋ የሚሸጥ እህል ሲኖር ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ በግልጽ ታይቷል። ክፍያው በዘገየ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ቤተሰቡ ከባለ ሱቅ በዱቤ ይበላና ብሩ ሲመጣ ለዕዳ ብቻ ይውላል።

ከዚህም ሁሉ ጋር የዕለት ጉርስ ማግኘትና ራስን መቻል አንድ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዓመታት ባካሄደው ጥናት፣ ከክፍያው ጋር ብድርና የግብርና ምክር ያገኙት ቤተሰቦች ክፍያውን ብቻ ካገኙት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ይህ ለወላይታ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ዋዱ» ብሎ የሚጠራው፣ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያድል ነበር። ሕዝቡም ቢሆን ለመቆጠብ አስተማሪ አይሻም፤ ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አዋጥተው ለመስቀል በሬ በኅብረት ይገዛሉ፤ ሴቶቹ ለበዓሉ ቅቤ ያጠራቅማሉ። ከሲታ በሬ ገዝቶ በጓሮ እያደለቡ ለመስቀል ገበያ ማውጣትም የታወቀ ሥራ ስለ ሆነ፣ ተበዳሪው የሚያውቀውን ንግድ ይዞ ይነሣል። እጅግ ድኻ የሆነው ግን ዕዳን ይፈራል፤ በሬው ቢሞትበት የሚከፍለው የለውምና። ፍርሃቱ ተገቢ ሆኖ በመገኘቱ በ2007 ዓ. ም. በተጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ቤተሰቦች የማይመለስ መነሻ ገንዘብ እንዲሰጥ ተወሰነ።

ቤተሰቡ ንብረት አፍርቶ ከእርዳታው ሲወጣ «ተመረቀ» ይባላል። ቃሉ ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን በአንዳንድ ስፍራ የተመራቂው ቁጥር አስቀድሞ በዕቅድ እየተወሰነ ገና ያልጠኑ ቤተሰቦች እንዲወጡ መደረጉ ነቀፌታ አስከትሏል። የጠናውም ቢሆን በአንድ ነገር ላይ ብቻ ከቆመ አያስተማምንም። ላኪዎች የዝንጅብልን ነገር አይረሱትም፤ በቦሎሶ በኩል ብዙ ገበሬ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኝበት ተክል ነበር፤ በ2004 ዓ. ም. ግን ተክሉን የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ ገብቶ ማሳውን በአንድ ወቅት አጠፋው። ላኪው ሌላ ሸቀጥ ፈለገ፤ ገበሬው ያንን ለማድረግ ዓመታት ያስፈልጉታል።

ሌላ ዓይነት መንገድ የተሞከረው በሁምቦ ነው። በዚያ የሚገኙ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት በወርልድ ቪዥን ረዳትነት 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው፣ ከቀሩት ጉቶዎች የሚያቆጠቁጠውን እየገረዙ ደኑን መለሱት። ሥራው በ2002 ዓ. ም. በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ደንብ ተመዘገበ፤ ዛፎቹ ከአየር ለሚስቡት ካርቦንም የዓለም ባንክ ገንዘብ ከፈለ። ከማዳበሪያና ከቆርቆሮ ጋር ለኖረ ነጋዴ ይህ ሸቀጥ ግራ ቢያጋባውም፣ ገንዘቡ የዋለበትን ነገር ግን ወዲያው ይረዳዋል። ማኅበራቱ ወፍጮና የእህል መጋዘን ሠሩበት። መጋዘን ያለው ገበሬ በቆሎውን በኅዳር በረከሰ ዋጋ ለመሸጥ አይገደድም፤ እስከ ሚያዝያ ሊያቆየው ይችላል። ያን ጊዜ የእህል ነጋዴው ዋጋውን የሚነጋገረው ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ይሆናል።