በረዶ በሳንቲም፤ «ዊንተር ሂት» ከጨዋታ አዳራሽ ወደ ሳሎን

ለአርሶ አደራችን «በረዶ» ማለት የደረሰን ሰብል በደቂቃዎች ውስጥ አርግፎ የሚሄድ አደጋ ነው። በጃፓን ተራራማ አካባቢዎች በብርድ ወራት የሚወርደው ለስላሳ በረዶ ግን የስፖርት ሜዳ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ አምራቾችም ከዚሁ ሜዳ ገበያ ፈጥረዋል። «ዊንተር ሂት» የተባለው ጨዋታ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ጨዋታውን የሠራው የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ ነው። በመጀመሪያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997፣ የናጋኖ የክረምት ኦሎምፒክ ከመካሄዱ በፊት ባለው ዓመት፣ በሳንቲም በሚሠሩ የጨዋታ አዳራሽ ማሽኖች ላይ ነበር። በ1998 ደግሞ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ለሚሠራው «ሳተርን» ለተባለው የኩባንያው የቤት መጫወቻ ተዘጋጀ። ተጫዋቹ በበረዶ ላይ በጫማ ተንሸራቶ ይሽቀዳደማል፣ በስኪ ከከፍታ ይዘላል፣ ቁልቁለቱንም ይወርዳል። የኦሎምፒኩን ስም ይዞ የቀረበው የተፎካካሪው የኮናሚ ጨዋታ ሲሆን፣ የሴጋ ስፖርተኞች ግን የምናብ ፍጥረቶች ናቸው።

ከአዳራሽ ወደ ቤት የተደረገው ጉዞ ቀላል የሆነበት ምክንያት አለ። በአዳራሹ ማሽን ውስጥ ያለው «ኤስቲ-ቪ» የተባለው ሰሌዳና ሳተርን በአሠራራቸው እጅግ የተቀራረቡ ናቸው፤ ሁለቱም የሚሠሩት በሂታቺ «ኤስኤች-2» ጥንድ አንጎለ-ኮምፒውተሮች ነው። አንድ ዓይነት የናፍጣ ሞተር በአንድ ቀበሌ ወፍጮ ሲያዞር፣ በሌላው የመስኖ ውኃ ሲስብ እንደማየት ነው። የአዳራሹ ባለቤት አዲስ ጨዋታ ሲፈልግ ሙሉ ማሽን መግዛት ሳይጠበቅበት የውስጡን ካርትሪጅ ብቻ ይለውጣል። የቤቱ ግን በሲዲ ስለሚሠራ፣ ጨዋታው እስኪጫን መጠበቅ ግድ ይላል።

ልዩነቱ የሚጎላው በእጅ ላይ ነው። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ፍጥነት የሚገኘው ቁልፎችን ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ በመምታት ነው። በአዳራሽ ተጫዋቹ ቆሞ፣ በሁለት እጁ፣ ለድብደባ የተሠሩ ትልልቅ ቁልፎችን ይመታል። በቤት ውስጥ ተቀምጦ መዳፍ በምታህል መቆጣጠሪያ ላይ ጣቶቹን ያደክማል። ሥዕሉ ተመሳሳይ ቢሆንም ድካሙ ሌላ ነው፤ በእኔ እይታ የጨዋታው ግማሽ ጣዕም የቀረውም እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነው።

ሌላው ጉዳይ ኪስን ይመለከታል። የአዳራሽ ጨዋታ ሲቀረጽ በጥቂት ደቂቃ እንዲያልቅ ታስቦ ነው፤ ተራ ካልተለወጠ ሳንቲም አይገባም። የቤት መጫወቻ ግን አንዴ ከተገዛ በኋላ ማንም ሳንቲም አይጠብቅበትም፤ ስለዚህ ደጋግሞ ለመጫወት፣ ለመለማመድና ከጓደኛ ጋር ለመፎካከር የተመቸ ነው።

በከተሞቻችን ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ይህን አሠራር መልሰው ገልብጠውታል። ለሳሎን የተሠራውን መሣሪያ ደርድረው፣ በጨዋታ ወይም በሰዓት ያስከፍሉበታል። መሣሪያው ራሱ «ጊዜህ አልቋል» ብሎ ልጁን አያሰናብትም። ስለዚህ ልጁን የሚልክ ወላጅ የክፍያውን ዓይነት አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል፤ በጨዋታ ከሆነ ሒሳቡ ጨዋታው ሲያልቅ ይቆማል፣ በሰዓት ከሆነ ግን ሒሳቡን የሚይዘው የቤቱ ባለቤት ነው።