ዳታቤዙ «አይሆንም» ሲል

ዳታቤዝ ልማር ብሎ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ትምህርቱ ሳይጀመር፣ ገና ሶፍትዌሩን ሲጭን ነው። ያወርዳል፣ «ኔክስት» የሚለውን እየተጫነ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ ከዚያ ልግባ ሲል አንድ መስመር እንግሊዝኛና አንድ ቁጥር ይጠብቁታል። መልእክቱን ሳያነብ ሁሉን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ይኼ መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ለምሳሌ ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ ዊንዶውስ ላይ በድጋሚ ሲጭኑ የመጀመሪያው ሰርቨር ከጀርባ እየሠራ ከሆነ፣ የተለመደው ፖርት (የሰርቨሩ መግቢያ ቁጥር) 5432 ስለተያዘ ጫኚው 5433ን ያቀርባል። ሰውየው እንደልማዱ «ኔክስት» ብሎ ያልፋል። አሁን ሁለት ሰርቨር አለው፤ ፓስወርዱን የሚያስታውሰው የአዲሱን ነው፣ የሚያንኳኳው ግን የድሮውን።

ዶሃ ላለ አንባቢ ነገሩ የሩቅ አይደለም። ዌስት ቤይ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ በሰው ኃይል ወይም በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ከሚያየው ስክሪን ጀርባ ያለው ዳታቤዝ ነው። ማይክሮሶፍት በ2022፣ ጉግል በ2023 የክላውድ ማዕከላቸውን ኳታር ውስጥ ከፍተዋል (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝም ሆነ ፖስትግሬስ በነፃ ይወርዳሉ፤ ዓርብና ቅዳሜን የሚያርፍ ሰው፣ የሚያርፍ ከሆነ ማለቴ ነው፣ በገዛ ላፕቶፑ ሊለማመድ ይችላል።

ሲጭኑ የሚገቡት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ይያዙ። አንዱ ከጀርባ ተቀምጦ መረጃውን የሚጠብቀው ሰርቨር ነው፤ ሌላው እርስዎ ትእዛዝ የሚጽፉበት ክላየንት ነው። ስለዚህ ስህተት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አበላሸሁ?» ሳይሆን «የሚያናግረኝ ማነው?» መሆን አለበት።

ምግብ ይዞ ወደ ዌስት ቤይ ሕንፃ የሚሄድ የደሊቨሪ ሠራተኛ በሦስት ቦታ ሊመለስ ይችላል። ሕንፃው ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ወይም ሪሴፕሽን ላይ ያለው ጥበቃ «ካርድ የለህም» ይለዋል፤ ወይም ገብቶ አሳንሰር ወጥቶ የተባለውን ቢሮ ያጣዋል። የዳታቤዝ ስህተቶችም አብዛኞቹ ከነዚህ በአንዱ ይወድቃሉ።

በሩ ሲዘጋ ማይኤስኪውኤል 2002 ወይም 2003 ይላል፤ ፖስትግሬስ ደግሞ ግንኙነቱ እንዳልተሳካ ነግሮ «ሰርቨሩ እየሠራ ነው ወይ?» ብሎ መልሶ ይጠይቃል። ጥያቄውን የምር ይውሰዱት። ዊንዶውስ ላይ «ሰርቪስስ» የሚለውን ከፍተው ሰርቨሩ መነሳቱን ይዩ፤ ከዚያ የፖርቱን ቁጥር ያመሳክሩ። በማይኤስኪውኤል ከ2000 እስከ 2999 ያሉት ቁጥሮች የክላየንቱ የራሱ ቃል ናቸው፤ ከሰርቨሩ የመጣ መልስ አይደሉም። የጥበቃው መልስ 1045 ሲመጣ ግን ደስ ይበልዎ፦ ሰርቨሩ ሕያው ነው፣ ሰምቶዎታል፣ አላስገባም ያለው እሱ ነው።

የ1045 መልእክት መጨረሻ ላይ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ነገር አለ። «ዩዚንግ ፓስወርድ» ይልና «የስ» ወይም «ኖ» ይጨምራል። «የስ» ከሆነ ፓስወርድ ልከዋል፣ ግን የዩዘሩ ስም ወይም ፓስወርዱ አልገጠመም። «ኖ» ከሆነ ጭራሽ ፓስወርድ አልላኩም፤ ስለዚህ ሌላ ፓስወርድ ለማስታወስ መጨነቅ ዋጋ የለውም። ኡቡንቱ ላይ 1698 የሚል ካዩ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፦ ሩት የሚባለው ዩዘር እዚያ የሚገባው በፓስወርድ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ተጠቃሚ ማንነት ስለሆነ፣ ከትእዛዙ ፊት «ሱዶ» ማስቀደም ይበቃል።

ሦስተኛው፣ ቢሮው የለም የሚለው፣ በማይኤስኪውኤል 1146 ነው። አንዳንዴ የስም ፊደል ስህተት ነው፤ አንዳንዴ የገቡት ሌላ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ኦራክል የሚባለው ሌላው ዳታቤዝ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ተንኮል አለበት። ኦራ-00942 «ሠንጠረዡ የለም» ሲል፣ ሠንጠረዡ ኖሮ እርስዎ የማየት ፈቃድ አጥተው ሊሆን ይችላል። ያልተፈቀደለት ሰው መኖሩንም እንዳያውቅ ታስቦ ነው።

ከቁጥሩ አጠገብ ማይኤስኪውኤል በቅንፍ የሚያስቀምጠው ባለ አምስት ምልክት ኮድ አለ። የኤስኪውኤል መስፈርት ያወጣው ስለሆነ ፖስትግሬስም ይጠቀምበታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ ቢለምዱ ግማሽ መንገድ ሄዱ፦ 08 ግንኙነት፣ 28 ማንነት፣ 42 የትእዛዝ አጻጻፍ ወይም ፈቃድ፣ 23 የተከለከለ ድግግሞሽና የመሳሰለው፣ 22 የማይስማማ መረጃ።

እኛን ሐበሾችን በተለይ የሚያገኘን ይኼ የመጨረሻው፣ የመረጃው ጉዳይ ነው። የዕድር ወይም የማኅበር አባላትን ዝርዝር በአማርኛ እየመዘገቡ ነው እንበል። «ሰላም» ለዓይን ሦስት ፊደል ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ዘጠኝ ባይት ይሆናል። ማይኤስኪውኤል እስከ 2018ቱ (እንደ ፈረንጆቹ) 8.0 ስሪት ድረስ ካልነገሩት በቀር ላቲን-1 የሚባለውን የፊደል ስብስብ ነበር የሚይዘው፤ እዚያ ውስጥ ግዕዝ የለም። አሁንም በድሮው መንገድ የተፈጠረ ሠንጠረዥ ላይ አማርኛ ሲጽፉ 1366 ይመጣል፤ መልእክቱ ውስጥ በኢ1 የሚጀምሩ ኮዶች ተደርድረው ካዩ የእኛው ፊደሎች ባይቶች ናቸው። መፍትሔው የሠንጠረዡን የፊደል ስብስብ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መለወጥ ነው። ቁጥጥሩ በላላበት ሰርቨር ላይ ግን ስህተት የለም፤ ስሙ «???» ሆኖ ይቀመጣል፣ ዋናው ጽሑፍም ከዚያ ወዲያ አይመለስም።

የዘመን አቆጣጠራችንም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን በ13ኛ ወር አድርገው የቀን ዓምድ ውስጥ ቢያስገቡ ፖስትግሬስ ወዲያው በ22 በሚጀምር ኮድ ይመልስዎታል። ጥቅምት 30ንም በ2ኛ ወር ብለው ቢጽፉ አይቀበልም፣ የካቲታቸው 30 የለውምና። ሰኔ 30 ቀን 2016ን ግን፣ 10ኛ ወር 30ኛ ቀን ብለው ሲያስገቡት፣ ያለ አንዳች ቃል ይውጠዋል፤ ለእሱ ኦክቶበር 30፣ 2016 ነው። ትክክለኛው ቀን ጁላይ 7፣ 2024 ነበር፤ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ዝም ብሎ ተሳሳተ።

ስልክ ቁጥርንም በተራ የቁጥር ዓምድ ካስገቡ ተመሳሳይ ነገር ይገጥምዎታል። በ974 የሚጀምረው የኳታር ቁጥር 11 አሃዝ ስለሆነ ዓምዱ ሊይዝ ከሚችለው ትልቁ ቁጥር፣ ከ2,147,483,647፣ ይበልጣልና ይጮኻል። በ09 የሚጀምረው የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር ግን መነሻ ዜሮውን ጥሎ በሰላም ይገባል። ስለዚህ ስልክን ጽሑፍ አድርገው ይያዙ፤ የቀን ዓምዱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልተው የእኛውን ቀን ከጎኑ በተለየ የጽሑፍ ዓምድ ያስቀምጡ፤ ሠንጠረዡን ከሞሉት በኋላም ስህተት ባይመጣም እንኳ አምስት ስድስት መስመር አውጥተው ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ።