ትርፍ ሥራና የግል ዕዳ፤ ተጨማሪ ገቢ ዕዳን የሚከፍለው መቼ ነው?

በአዲስ አበባ የሚኖር አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ዕዳ በያዘው ጊዜ ከዘመድ ከወዳጅ የሚያገኘው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «ከሥራህ ሌላ አንድ ነገር ያዝ» የሚል ነው። ምክሩ በመልካም አሳብ የሚሰጥ ነው፤ ብዙ ሰውም ይሠራበታል። መምህሩ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች ያስጠናል፤ የሌሊት ዘበኛው ቀን ቀን ጫማ ይሰፋል፤ የቢሮ ጸሐፊዋ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ለሥራ ባልደረቦችዋ ትሸጣለች። ይሁን እንጂ ዓመት ሙሉ እንዲህ ደክመው ዕዳቸው ቅንጣት ያልጎደለላቸው ሰዎች አሉ። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህ ስለ ምን እንደሚሆን ነው። የስንፍና ወይም የአባካኝነት ውጤት ነው የሚለውን አስተያየት አንቀበልም። በእኛ አስተያየት ተጨማሪ ገቢ ዕዳን የሚከፍለው ከዋናው ገንዘብ ላይ የደረሰ እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ወደ ዋናው ገንዘብ የሚወስደው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የተዘጋ ነው።

አስቀድሞ ስለ ሁለት የቈዩ ቃላት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በቀድሞ ዘመን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከባለ ገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ወይም ልብሱ ከልብሱ ጋር ተቋጥሮ አብሮ ይሄድ ነበር። ይህም ቁራኛ ይባላል። ሥርዓቱ ከቀረ ቈይቷል፤ «የዕዳ ቁራኛ» የሚለው አነጋገር ግን ዛሬም በሰው አፍ አለ። ሁለተኛው ቃል ወለድ አገድ ነው፤ ለነገራችንም የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ነው። ገበሬው ገንዘብ ሲበደር መሬቱን ለአበዳሪው ይለቃል፤ አበዳሪውም መሬቱን እያሳረሰ ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላል፤ ባለ መሬቱ ዋናውን ገንዘብ እስኪመልስ ድረስ መሬቱ አይመለስለትም። አበዳሪው ዐሥር ዓመት ቢያሳርሰው እንኳ ከዋናው ላይ አንድ ብር አይቀነስም። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ ይህም አብሮ ተከለከለ።

በከተማ ከአራጣ አበዳሪ ገንዘብ የወሰደ ሰው የሚለቀው መሬት የለውም። ያለው ጉልበቱና ማታው ነው። እኛ እንደምንገምተው ይህ ሰው ማታውን በወለድ አገድ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ የሚሠራውም ሥራ አዝመራው የሌላ ሰው ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት የራሳችንን ቤት ሒሳብ ማቅረብ መርጠናል። ምክንያቱም ደብተሩን የያዝነው እኛ ስለ ሆንን ቍጥሩን እናውቀዋለን። በመስከረም 2010 ዓ.ም. እናታችን ለአባታችን ሕክምና 15,000 ብር ተበደረች። ወለዱ በየወሩ ከመቶ ዐሥር፣ ማለት 1,500 ብር ሲሆን፣ የሚከፈለውም ወሩ ሲገባ አስቀድሞ ነው። ስለዚህ አበዳሪው የመጀመሪያውን ወር ወለድ ከላዩ ቀንሶ በእጅዋ የሰጣት 13,500 ብር ብቻ ነበር። እርስዋ የፈረመችው ግን በ15,000 ነው።

እናታችን ያን ጊዜ የጀመረችው ተጨማሪ ሥራ እንጀራ ጋግሮ ማስረከብ ነው። በቀን 60 እንጀራ፣ በወር 25 ቀን ትጋግር ነበር። ጤፉ፣ ወፍጮው፣ መብራቱና ውሃው ተቀንሶ ከአንድ እንጀራ የሚተርፋት አንድ ብር ያህል ነበር። አንባቢው ቢያባዛው በወር 1,500 ብር መሆኑን ያገኛል፤ ይህም የወለዱ ልክ ነው። አንድ ዓመት በሞላ ጊዜ በወለድ ስም 18,000 ብር ሄዶ ነበር፤ ዕዳውም ያው 15,000 ነበር። ለዘመድ ሲነገር «ጎበዝ ሴት ናት፤ ዕዳዋን እየሠራች ትከፍላለች» ይባል ነበር። የምትከፍለው ግን ዕዳውን አልነበረም።

ይህ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ስለሚመስል ጥቂት እንዘርዝረው። ሊጡ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ከዚያም አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ሲል ይጋገራል። ስለዚህ የዛሬው ሽያጭ የሚገኘው ከሦስት ቀን በፊት በወጣ ገንዘብ ነው። ኩፍ ባለበት ሰዓት መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ሊጡ ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠ እንጀራ ደግሞ ባለ ሱቁ አይረከብም። በአንድ እንጀራ አንድ ብር የሚያተርፍ ሰው የአንድ ቀን ሊጥ ሲበላሽበት የሚያጣው የአንድ ቀን ትርፍ ብቻ አይደለም፤ የጤፉንም ዋጋ ነው፤ ይህንም ለመመለስ ብዙ ቀን መጋገር ይኖርበታል።

ከዚህ የከፋው ግን ዱቤ ነበር። ከስድሳው ሠላሳውን የሚወስደው አንድ ምግብ ቤት ሲሆን የሚከፍለው በወሩ መጨረሻ ነበር። በደብተሩ ላይ ስናየው ወሩ ሊያልቅ ሲል የ750 እንጀራ ዋጋ በምግብ ቤቱ እጅ ይገኝ ነበር። እንግዲህ እናታችን በወር ከመቶ ዐሥር ወለድ የምትከፍል ተበዳሪ ሆና ሳለች በዚያው ወር ለሌላ ሰው ያለ ወለድ ታበድር ነበር ማለት ነው። ገንዘቡ በዚያ ስለሚታሰር ጤፍ በኩንታል መግዛት አልቻለችም፤ ከወፍጮ ቤት በኪሎ እየገዛች ትርፍዋን ታሳንስ ነበር። በየሳምንቱ እንዲከፍላት ብትለምነው እምቢ አለ። በኋላ ሠላሳውን በየቀኑ ለሚከፍል ሱቅ አዞረችው፤ የሱቁ ዋጋ በጥቂት ሳንቲም ያንስ ነበር፤ ሒሳቡን ስንሠራው ግን የሚበልጠው እርሱ ሆኖ ተገኘ። ትርፍ ሥራ የሚጀምር ባለ ዕዳ ስለ ዋጋው ከመጨነቁ በፊት ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስለት ቢጠይቅ ይሻለዋል የምንለው ይህን አይተን ነው።

እኛም ያን ዓመት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆነን ሁለት የሠፈር ልጆች እናስጠና ነበር፤ ከሁለቱም በወር 1,000 ብር እናገኝ ነበር። ይህ ገንዘብ ወዴት እንደ ሄደ ደብተሩ አያሳይም። በየወሩ ወደ ቤት ገባ፤ ሽንኩርትና ዘይት፣ የታክሲና የሳሙና ሆኖ ቀረ። ማንም አላባከነውም። ቤቱ ተቸግሮ ነበርና ወደ ቤት የገባ ገንዘብ ሁሉ የሚሠራው ሥራ አላጣም። ይሁን እንጂ ከዕዳው አንጻር እንዳልተሠራ ሥራ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሒሳብ መምህራችን ወለድን ያስተማሩን በቀመር ነው፤ ዋናው በወለዱና በጊዜው ተባዝቶ ለመቶ ይካፈላል። ቀመሩ እውነት ነው። አበዳሪው ዋናውን ከፋፍዬ አልቀበልም ሲል ምን እንደሚደረግ ግን አይናገርም። እናታችን አንድ ጊዜ ከዘመድ 3,000 ብር አግኝታ ወደ አበዳሪው ሄዳ ነበር። «ጋሼ፣ ይህን ተቀብለው ወለዱን ይቀንሱልኝ» አለችው። «ጠቅላላውን ስታመጪ ወረቀትሽን ትወስጃለሽ፤ ይህን ለሁለት ወር ወለድ ልያዝልሽ» አላት። እርስዋም ተስማማች፤ ምን ታድርግ? የተዘጋ መንገድ ያልነው ይህን ነው። በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚገኝ ገንዘብ ባንድ ጊዜ ካልተከፈለ በቀር ከማይቀነስ ዕዳ ጋር አይገናኝም።

ሕጉ ምን ይላል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2479 በብድር ላይ የሚታሰበው ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል አድርጎታል። ከእናታችን የተወሰደው በአንድ ዓመት ብቻ ከዚህ ወሰን ዐሥር እጅ ነው። ነገር ግን የተፈረመው ወረቀት ስለ ወለድ አንድ ቃል አልነበረበትም፤ 15,000 ብር ተበድሬአለሁ ይላል እንጂ። ወለዱ የሚከፈለው በእጅ፣ ያለ ደረሰኝ ነው። ባለ ዕዳው ዳኛ ፊት ቢቀርብ የሚታየው ወረቀቱ ነው። በዚያ ላይ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ነገ ደግሞ ወደዚያው አበዳሪ ሊመለስ ይችላልና መክሰስን አይደፍርም። ለሕግ ትምህርት ባልደረቦቻችን ይህን ጥያቄ ብንተውላቸው ደስ ይለናል።

የወር ደመወዝ ያለው ሰው የተሻለ መንገድ አለው። የገንዘብ ቍጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር በአገራችን በመጀመሪያ የተቋቋመው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ሲሆን ይህም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ነው። ማኅበሩ አባሉን በጥቂት ወለድ ሊያበድር የሚችለው ክፍያውን ከደመወዙ ላይ ስለሚቀበል ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ደመወዝ የላትም፤ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ካልሆነች ማኅበሩ አያውቃትም። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በስልክ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ስለ ሆነ በእኛ ጊዜ አልነበረም።

መንገዱን የከፈተልን እቁብ ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ እናታችን በሠፈሩ ወደሚገኝ የሳምንት እቁብ ገባች፤ አርባ ሰዎች በየሳምንቱ 250 ብር የሚጥሉበት ሲሆን ዕጣው 10,000 ብር ነው። የእቁቡን ገንዘብ የሚሸፍነው እኛ በማስጠናት የምናገኘው 1,000 ብር ሆነ፤ እርሱም ወደ ቤት ሳይገባ ከልጆቹ ወላጆች እጅ በቀጥታ ወደ እቁቡ ጸሐፊ ይሄድ ነበር። ወር ከአራት ሳምንት ስለሚያልፍ የጎደለውን ጥቂት ብር እንጀራው ይሞላዋል። በእቁብ ዘንድ የቸገረው ሰው ዕጣው ሳይደርሰው ቢለምን፣ አባሎቹም ቢስማሙ፣ ዋስ ጠርቶ ሊወስድ ይችላል። እናታችን በዘጠነኛው ሳምንት፣ ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ ለምና ወሰደች። ዋስ የሆኑላት ጨርቅ የሚነግዱ ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው። እርስዋ ብትቀር ቀሪውን 31 ሳምንት፣ ማለት 7,750 ብር፣ የሚከፍሉት እኒህ ሴት ነበሩ። ስለ እቁብ ሲጻፍ የዋሱ ነገር በአንድ መስመር እንደሚታለፍ አይተናል፤ በእኛ አስተያየት ግን የእቁብ ወለድ አልባነት የሚቆመው በዚህ ሰው ትከሻ ላይ ነው።

የጎደለውን 5,000 ብር አክስታችን ከመሥሪያ ቤትዋ የቍጠባና ብድር ማኅበር በስምዋ ተበድራ ሰጠችን። ያን ቀን 15,000 ብር ባንድ ላይ ቀረበለትና አበዳሪው ወረቀቱን መለሰ። በእናታችን እጅ የገባው 13,500 ብር ነበር፤ በዐሥራ አምስት ወር ከእጅዋ የወጣው 21,000 ብር ወለድና 15,000 ብር ዋና፣ ጠቅላላው 36,000 ብር ነው። በሕጉ ወሰን ቢታሰብ ለ13,500 ብር የዐሥራ አምስት ወር ወለድ 2,025 ብር ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሒሳብ አጭር ነው። ያው 60 እንጀራ፣ ያው 1,500 ብር ከታኅሣሥ ጀምሮ ወደ አክስታችን ዕዳ ሄደ፤ በአራት ወርም ከነወለዱ አለቀ። እቁቡ በሐምሌ መጀመሪያ ተፈጸመ። ሥራው አልጨመረም፤ የእንጀራውም ቍጥር አልበዛም። የተለወጠው ገንዘቡ የሚወድቅበት ቦታ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን ያለ ዋጋ የተገኘ አስመስለን ብንጽፍ አንባቢውን ማታለል ይሆናል። 1,000 ብሩ ወደ ቤት መግባቱን ባቆመበት ዓመት ቤቱ ካለፈው ዓመት ይልቅ ተቸግሯል፤ ሥጋ የሚታየው በዓመት በዓል ብቻ ነበር፤ የታናሽ እህታችንም ጫማ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል። እኛ የዐሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የምንወስድበት ዓመት ስለ ነበር የሌላ ሰው ልጆች በምናስጠናበት ሰዓት የራሳችን መጽሐፍ ሳይገለጥ ይቀር ነበር፤ በመጀመሪያው መንፈቅ ከክፍሉ ሦስተኛ ወደ ዐሥራ ዘጠነኛ ወረድን። የእናታችን ቀኝ ትከሻ ዛሬም ያማታል። ይህን በብር እንዴት እንደምንጽፈው ስላላወቅን በደብተሩ ላይ አልገባም።

ምጣዱ አሁንም አልበረደም። ከሚገኘው እኩሌታው ለእህታችን ትምህርት ይወጣል፤ እኩሌታው ለእቁብ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤት ዕጣዋ ሳይደርስ ልትወስድ በለመነች ጊዜ እናታችን ዋስ ሆና ፈርማለች።