የጎማ ኩሽኔታ ለምን ያለ ዕድሜው ይበላሻል?

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት በሚታመነው የጀጎል ግንብ የተከበበችው ጥንታዊት ሐረር፣ ከጥቂት ሰፋ ያሉ መንገዶች በቀር መተላለፊያዎቿ ለእግረኛና ለጭነት አህያ የተበጁ ናቸው። በዚህም ምክንያት ከግንቡ ውጭ ካለው አዲሱ ከተማ እስከ ፈረስ መጋላ፣ ከዚያም አልፎ እስከ በሮቹ ድረስ ሰውና ዕቃ የማመላለሱ ሥራ በአመዛኙ በባለ ሦስት እግር ባጃጆችና በሞተር ብስክሌቶች ላይ ወድቋል። የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ጎማ ትንሽ፣ ጭነታቸው ብዙ፣ መንገዳቸውም ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት በመሆኑ፣ ዋጋው ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ብልሽቱ ለአደጋ ከሚያጋልጡ ክፍሎች አንዱ የጎማ ኩሽኔታ ነው።

ኩሽኔታ ማለት መካኒኮች ሞዞ የሚሉት የጎማው እምብርት በማይንቀሳቀሰው ፔርኖ ዙሪያ ያለ ብዙ ሰበቃ እንዲዞር የሚያደርግ ክፍል ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሁለት የብረት ቀለበቶች፣ በቀለበቶቹ ቦይ ውስጥ የሚንከባለሉ ብዮች፣ ብዮቹን እያራራቀ የሚይዝ ስስ ቀፎና ሁሉንም የሚያለሰልስ ግራሶ ይገኙበታል። ዌልሳዊው ፊሊፕ ቮን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1794 ይህን መሰል አሠራር ለሠረገላ መንኮራኩር በፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ ብዮችን ፍጹም ክብና እኩል አድርጎ በብዛት ማምረት የተቻለው ፍሪድሪክ ፊሸር በ1883 በጀርመኗ ሽዋይንፉርት የብይ መሞረጃ ማሽን ከሠራ በኋላ ነው። ዛሬ ብዮቹና ቀለበቶቹ የሚሠሩት አንድ በመቶ ያህል ካርቦንና አንድ ተኩል በመቶ ያህል ክሮሚየም ካለው፣ በእሳት ከጠነከረ ብረት ነው።

ብዩ ቦዩን የሚነካው እጅግ ጠባብ በሆነች ነጥብ ላይ ስለሆነ፣ ነጥቧ የምትሸከመው ጫና ከፍተኛ ነው፤ ይህም ጫና በሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ብረቱ ከውስጥ ተሰንጥቆ ቅርፊቱ መርገፍ ይጀምራል። መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ይሉታል። ስዊድናውያኑ ሉንድበርግና ፓልምግሬን በ1947 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ በብይ ኩሽኔታ ላይ ያረፈው ጭነት እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 6202 የሚል ቁጥር ያለው የተለመደ ኩሽኔታ 780 ኪሎ ግራም ገደማ ተሸክሞ አንድ ሚሊዮን ዙር እንዲዞር ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ይህም ከመቶ ተመሳሳይ ኩሽኔታዎች ዘጠናው ያን ያህል ይዘልቃሉ ማለት ነው። የአንድ ሞተር ብስክሌት የኋላ ጎማ 180 ኪሎ ግራም ቢያርፍበትና ሁለቱ ኩሽኔታዎቹ እኩል ቢካፈሉት፣ እያንዳንዱ 90 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ በስሌቱ መሠረትም 650 ሚሊዮን ዙር ገደማ ይዞራል። ጎማው በአንድ ዙር 1.8 ሜትር የሚሄድ ከሆነ ውጤቱ ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የመንገዱ መንገጫገጭ ጭነቱን እጥፍ ያደርገዋል ተብሎ ቢታሰብ እንኳ ከ140,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል፤ ይህም ከሐረር ድሬዳዋ ከ1,200 ጊዜ በላይ ደርሶ መመለስ ነው። በተግባር ግን ኩሽኔታዎች ከዚህ እጅግ ቀድመው የሚጣሉ በመሆናቸው፣ ጥፋቱን ብረቱ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ዋነኞቹ ጠላቶች አቧራና ውኃ ናቸው። ብዩንና ቦዩን የሚለያየው የግራሶ ዘይት ሽፋን ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ሊያንስ ይችላል፤ የአሸዋ ዋና ክፍል የሆነው ኳርትዝ ደግሞ ከኩሽኔታ ብረት እንኳ የጠነከረ ማዕድን ነው። ስለዚህ በኦቾሎኒዋ በምትታወቀው ባቢሌ አሸዋማ መሬት ላይ የሚመላለስ ሞተር ብስክሌት ወደ ኩሽኔታው ጥቂት አቧራ ቢያስገባ፣ ግራሶው ማለስለሱ ቀርቶ እንደ መሞረጃ ይሆናል። ውኃ በበኩሉ ዝገት ከማስከተሉ በላይ ግራሶውን ያጥበዋል። በላቫጆ ቤት የግፊት ውኃ በቀጥታ ወደ ጎማው እምብርት ሲረጭ ክዳኑን አልፎ ይገባል፤ ባለንብረቱም ተሽከርካሪውን ያጸዳ እየመሰለው ኩሽኔታውን ያበላሻል። ውኃ የሚገባበት ብዙም ልብ የማይባል ሌላ መንገድም አለ። ተሽከርካሪው በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ፍሬኑ ካምፓናውን፣ ካምፓናውም ሞዞውን ያግላል፤ በዚህ ግለት ላይ ሳለ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ፣ በሞዞው ውስጥ ያለው አየር ድንገት ቀዝቅዞ ስለሚኮማተር ውኃውን በክዳኑ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ብልሽትን በድምፅ ብቻ መለየት አዳጋች ነው፤ የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ በማይለያት፣ መኪና ግርግር በምትባለው የሐረር መንገድ ላይማ የኩሽኔታ ጉርምርምታ ጭራሽ አይሰማም። የተሻለው ዘዴ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ከላይና ከታች በመያዝ ወደ ጎን መነቅነቅና ቀስ አድርጎ በማዞር መሻከሩን በእጅ ማዳመጥ ነው።

የወጣውን አሮጌ ኩሽኔታ ሳይመረምሩ መጣል በብዙ ጋራዦች የተለመደ ቢሆንም ተገቢ አይደለም፤ ምክንያቱም ያልታወቀ መንሥኤ አዲሱንም ያበላሻል። ክዳኑ ተነሥቶ ግራሶው ቡናማ ሆኖ ከተገኘ ዝገት እንደገባበት ያመለክታል። በቦዩ ላይ የብዮቹን ርቀት ጠብቀው የተደረደሩ ጠባሳዎች ካሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲገጠም ያረፈበት የመዶሻ ምልክት ናቸው። የውጭው ቀለበት ጀርባ ተፍቆ ካበራ ደግሞ ኩሽኔታው በላላ ሞዞ ውስጥ ራሱ ሲሽከረከር እንደነበረ ያሳያል፤ በዚህ ጊዜ ኩሽኔታ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጨረስ ነው።

አዲስ ሲገዛ ሻጩ የሚጠይቀው ቁጥር መጠንን እንጂ ጥራትን አይናገርም። በ6202 ውስጥ 6ቱ ባለ አንድ ረድፍ የብይ ኩሽኔታ መሆኑን፣ ቀጥሎ ያለው 2 የውጭ ስፋቱን ምድብ፣ 02 ደግሞ የውስጡ ቀዳዳ 15 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይገልጻሉ። 6302ም ቀዳዳው ያው 15 ቢሆንም የውጭ ስፋቱ ከ35 ወደ 42 ሚሊ ሜትር ስለሚያድግ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ወሳኙ ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ፊደል ነው። ዜድዜድ የሚለው በሁለቱም በኩል የቆርቆሮ ክዳን እንዳለው የሚያመለክት ሲሆን፣ ክዳኑ የውስጡን ቀለበት ስለማይነካ አቧራና ውኃ የሚያልፍበት ክፍተት ይቀራል፤ 2አርኤስ ግን ቀለበቱን እየዳሰሰ የሚዘጋ የጎማ ክዳን አለው። የጎማ ክዳን ሰበቃ ይጨምራል የሚለው ሥጋት እዚህ ቦታ የለውም፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ብስክሌት ጎማ በደቂቃ የሚዞረው 370 ጊዜ ገደማ ሲሆን፣ ክዳኑ የሚፈቅደው ፍጥነት ግን ከ10,000 ዙር ይበልጣል። ሲ3 የሚለው ምልክት በብዮቹና በቀለበቶቹ መካከል ከተለመደው ሰፋ ያለ ክፍተት መኖሩን ያመለክታል፤ ፋብሪካው ካላዘዘው በቀር የግድ አይደለም። እንደ ኤስኬኤፍና ኤንኤስኬ ያሉ ስሞች በዓለም ዙሪያ በሐሰት ስለሚታተሙ፣ በቀለበቱ ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ወይም ዋጋው ከሌሎች ሱቆች እጅግ የረከሰ ከሆነ መተው ይሻላል።

የተሻለው ኩሽኔታም በአገጣጠም ጉድለት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። መዶሻ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ሲያርፍ ምቱ በብዮቹ አልፎ ቦዩን ያጎደጉደዋል፤ ስለዚህ ኩሽኔታው የሚመታው የውጭውን ቀለበት ብቻ በሚነካ ቱቦ ነው። ሞዞው ከአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነ ደግሞ ማሞቅ ድካም ይቀንሳል፤ የ35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ፣ ቀዝቃዛው ኩሽኔታ ያለ ብዙ ግፊት ይገባል። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለው ማራራቂያ ቱቦ መረሳት የለበትም። አንዱ ኩሽኔታ እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ ቱቦው ይከተላል፣ ሁለተኛውም የውስጥ ቀለበቱ ቱቦውን እስኪነካ ድረስ ብቻ ይገፋል፤ ቱቦው ከጎደለ ወይም ካጠረ የፔርኖው ዳዶ ሲጠብቅ ሁለቱን የውስጥ ቀለበቶች ወደ መሃል ስለሚጨምቅ፣ ብዮቹ ከቦዩ ጠርዝ ጋር እየታገሉ ይዞራሉ። በትክክል የተገጠመ ጎማ ዳዶው ከመጥበቁ በፊትም ሆነ በኋላ በእኩል ቅለት መዞር አለበት፤ ከጠበቀ በኋላ ከከበደ ተፈትቶ ቱቦው ይለካል።