አፈርን ከነፋስ ማስጣል፤ በሰሜን አሜሪቃ የስንዴ ሜዳዎች

በአገራችን «አፈሩ ሄደ» ሲባል ቶሎ ወደ አሳባችን የሚመጣው ጎርፍ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዞቻችን ቀልተው ሲወርዱ እያየን ስላደግን፥ አፈር የሚወሰደው በተዳፋት ላይ፥ ወሳጁም ውሃ ብቻ ይመስለናል። ዘንድሮ በጂኦግራፊ ትምህርት ስለ ሰሜን አሜሪቃ ስንማር ግን፥ እንደ ገበታ የተዘረጋ ሜዳ አንድም ገደል ሳይኖርበት አፈሩን በነፋስ እንዳጣ አነበብን። ነገሩ ስለ ገረመኝ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን ሁሉ ሳገላብጥ ከረምሁ። ከዚያ የለቀምሁትን ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ሜዳው ከሮኪ ተራሮች በስተ ምሥራቅ ይገኛል። በደቡብ ከቴክሳስ ተነሥቶ በኦክላሆማ፥ በካንሳስ፥ በነብራስካና በሁለቱ ዳኮታዎች አልፎ፥ በሰሜን እስከ ካናዳዎቹ ሳስካችዋንና አልበርታ ይደርሳል። ዛፍ እንደ ልብ የማይበቅልበት፥ ሣር ብቻ የለበሰ አገር ነበር። በምዕራቡ ክፍል የዓመቱ ዝናብ ከ500 ሚሊሜትር ያንሳል፤ እርሱም አንዳንድ ዓመት ይመጣል፥ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ነፋሱ ግን አይቀርም። ይህን ሁሉ ዘመን አፈሩን በቦታው ያቆየው ሣሩ ነበር። ሥሩ እንደ ጠጕር ተጠላልፎ ወደ ታች ስለሚወርድ፥ ድርቅ ሲመጣ ላዩ ቢጠወልግም ሥሩ አፈሩን አይለቅም።

በ1862 በአሜሪቃ የወጣ ሕግ፥ መሬቱ ላይ 5 ዓመት ተቀምጦ ለሚያለማ ሰው 160 ኤከር እንዲሁ እንዲሰጠው ፈቀደ። ይህ 65 ሄክታር ያህል ሲሆን በአባቶቻችን ልክ ከጋሻ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ካናዳም በ1872 ይህንኑ የመሰለ ሕግ አወጣች። መሬቱ የነባሮቹ ሕዝቦች ርስት እንደ ነበረና እነርሱ እየተገፉ ለሌላ እንደ ተሰጠ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የመጡት ሰፋሪዎች ሣሩን ገለበጡና ስንዴ ዘሩ። በዚያ ዘመን የደረቅ አገር እርሻ መምህራን ያስተማሩት ደግሞ የላዩን አፈር እንደ ዱቄት ማላም ነበር፤ የላመው አፈር እንደ ክዳን ሆኖ የውስጡ እርጥበት እንዳይተን ይጠብቃል ይሉ ነበር። ስለዚህ በኋላ የመጣውን ጥፋት «ገበሬው ሰነፍ ስለ ነበረ ነው» የሚል ሰው ካለ፥ እኔ አልስማማም። ገበሬው የተማረውን በትጋት ሠራ፤ ጉዳቱም የመጣው ከትጋቱ ነው።

ከዚህም በቀር የገበያው ነገር አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የስንዴ ዋጋ ወጣ፤ በ1919 አንድ ቡሼል (27 ኪሎ ግራም ያህል) ስንዴ ከ2 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ትራክተርና ባለ ዲስክ ማረሻ ስለ መጡ አንድ ሰው ብቻውን ብዙ መሬት መገልበጥ ቻለ። በ1932 ዋጋው ከ40 ሳንቲም በታች ወረደ። ዋጋ ሲወርድ ገበሬ እርሻውን ይቀንሳል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ዕዳን አያውቅም፤ የትራክተሩን ዕዳ ለመክፈል ሌላ ሣር ተገለበጠ። በ1931 ድርቁ ጀመረ። ስንዴው ሳይበቅል ቀረ፥ አፈሩም ራቁቱን ቀረ። በግንቦት 1934 ከሜዳው የተነሣው አቧራ እስከ ኒው ዮርክና እስከ ዋሽንግተን ደረሰ። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 እሑድ ዕለት ደግሞ በኦክላሆማና በቴክሳስ ላይ የወረደው የአቧራ ግድግዳ ቀኑን ስላጨለመው፥ ያ ዕለት እስከ ዛሬ «ጥቁሩ እሑድ» ይባላል።

ነፋስ አፈርን እንዴት እንደሚያነሣ ቀድሞ ካላወቅን የገበሬዎቹ መድኃኒት አይገባንም። ነገሩን በካናዳ በስዊፍት ከረንት ከተማ ኋላም በካንሳስ የመረመረው ዊልያም ቼፒል የሚባል ሊቅ ነው። አፈር በሦስት መንገድ ይሄዳል። እጅግ የላመው ወደ ሰማይ ተነሥቶ አገር አቋርጦ ይበራል፤ ጠጠር ያለው በመሬት ላይ ይንከባለላል። መካከለኛው ግን፥ ይኸውም ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ እስከ ግማሽ ሚሊሜትር የሚሆነው ቅንጣት፥ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ከሚሄደው አፈር አብዛኛው በዚህ ዝላይ የሚሄደው ነው። አንዱ ቅንጣት ዘሎ ሲወድቅ ሌሎችን ይመታል፤ የተመቱትም ተነሥተው ይዘላሉ። እንግዲህ ነፋሱ በሚገባበት በማሳው ዳር ጥቂት የነበረው አፈር፥ ማሳው በረዘመ ቁጥር እየበዛ ይሄዳል።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ይህን በገዛ ዓይናችን ለማየት ብለን፥ በፀሐይ የደረቀ አፈር በወንፊት ነፍተን በሳንቃ ላይ አሰጣነውና ከወንበር በተነቀለ ጠፍጣፋ እንጨት አራገብነው። አፈሩ ወዲያው ሸሸ። ቀጥለን በሌላ ሳንቃ ላይ የአውራ ጣት የሚያካክሉ ጓሎች የተቀላቀሉበትን አፈር አደረግን፤ ጥቂት ብቻ ሄደ። በሦስተኛው ላይ የጤፍ ገለባ በጥቂቱ አፈሩ ውስጥ ሰክተን አቆምን፤ እጃችን እስኪዝል ብናራግብም ከገለባው ኋላ ያለው አፈር አልነቃነቅም አለ። ይህን ማንም አንባቢ ሊሞክረው ይችላል፤ ዓይኑን ግን ይጠንቀቅ።

የሜዳው ገበሬዎች መድኃኒትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ጓልን ማብዛት፥ ገለባን ማቆም፥ ነፋሱ የሚሮጥበትን ርቀት ማሳጠር ነው። ርቀቱን በማሳጠር የቀደሙት በአልበርታ ሞናርክ በምትባል መንደር የሰፈሩ የሆላንድ ተወላጆች ናቸው፤ ይህም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ ነው። ሰፊውን ማሳ ነፋሱን በሚያቋርጥ አኳኋን እንደ መቀነት ቀጫጭን አድርገው ከፈሉት፤ በአንዱ መቀነት ስንዴ ሲዘራ ቀጣዩ ጦም ያድራል። ከጦም አደሩ መሬት የተነሣው ቅንጣት ገና ሳይበዛ ከስንዴው ገብቶ ይያዛል።

ጦም አደር መሬት ያልሁትን ነገር ላብራራው፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የአንድ ዓመት ዝናብ ለአንድ አዝመራ ስለማይበቃ፥ ገበሬው መሬቱን አንድ ዓመት ሳይዘራው ያሳድራል፤ የሁለት ዓመት እርጥበትም ለአንድ ስንዴ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ በጦሙ ዓመት አረም ከበቀለ እርጥበቱን ይጠጣዋል። አረሙን ለማጥፋት ደግሞ መሬቱን ደጋግሞ ማረስ ይገባል፤ ደጋግሞ ሲታረስ አፈሩ ይልማል፥ ገለባውም ይቀበራል። ውሃውን ላድን ያለ ገበሬ አፈሩን ለነፋስ ይሰጣል፤ አፈሩን ላድን ያለም ውሃውን ለአረም ያጠጣል። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣ መሣሪያ ከሠሩት አንዱ የአልበርታው ገበሬ ቻርልስ ኖብል ነው። እርሱ በ1930ዎቹ አጋማሽ የሠራው ሰፊ ስለት ከመሬት በታች እየሄደ የአረሙን ሥር ይቆርጣል፤ አፈሩን ግን አይገለብጥም፤ ከአጨዳ የቀረውም አገዳ እንደ ቆመ ይቀራል። በኦክላሆማ በሁከር ከተማ አጠገብ ፍሬድ ሆሚ የተባለ ገበሬ በ1933 የሠራው ባለ ጠንካራ ጥርስ ማረሻም መሬቱን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ጓሉንም ወደ ላይ ያወጣል። የኛን አገር ማረሻ አፈር አይገለብጥም ብለው የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው፤ እነዚያ ፈረንጆች ግን ላለመገልበጥ ብዙ ገንዘብ አወጡ።

የቆመው አገዳ ሌላም ጥቅም አለው። በዚያ አገር በክረምት እንደ ጥጥ ብናኝ የሚወርደውን በረዶ በማሳው ላይ ይይዘዋል፤ በረዶውም በጸደይ ሲቀልጥ ለዘሩ እርጥበት ይሆናል። በካናዳ የቀለጠውን ውሃ የሚያጠራቅሙበት ጕድጓድ በየእርሻው ተቆፈረ፤ ለዚህ ሥራ በ1935 የተቋቋመው የሜዳው እርሻ ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት ለገበሬዎቹ ምክርና ገንዘብ ይረዳ ነበር። መሬቱ ተዳፋት በሆነበት በኦክላሆማና በካንሳስ ደግሞ የተዳፋቱን ወገብ ተከትሎ ማረስና እርከን መሥራት ተለመደ። እርከናቸው እንደኛ የድንጋይ ካብ አይደለም፤ ትራክተር በላዩ ላይ እያረሰ የሚያልፍበት ዝቅ ያለና ሰፊ የአፈር ድልድል ነው።

ዛፍ መትከልም ነበረ። ከ1934 እስከ 1942 ድረስ በአሜሪቃ መንግሥት ትእዛዝ ከሰሜን ዳኮታ እስከ ቴክሳስ ከ200 ሚሊዮን በላይ ዛፎች በነፋስ መከላከያ ረድፍ ተተከሉ፤ የመጀመሪያው ዛፍ የተተከለው በመጋቢት 1935 በኦክላሆማ ነው። ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ ረድፍ ከኋላው ያለውን 100 ሜትር ያህል ማሳ በደንብ ይከልላል፤ ከዚያ ወዲያም ኀይሉ ቀስ በቀስ ይደክማል።

ነገር ግን አንድ ገበሬ ይህን ሁሉ አሟልቶ ቢሠራ፥ ጎረቤቱ ካልሠራ ከንቱ ነው። ከጎረቤት የሚዘልለው አፈር የእርሱን ስንዴ ይቀብራል፤ የእርሱንም አፈር ያስነሣል። በተለይ ያስቸገሩት «የሻንጣ ገበሬዎች» የተባሉት ናቸው፤ እነዚህ በከተማ የሚኖሩ፥ ለመዝራትና ለማጨድ ብቻ የሚመጡ፥ ዋጋ ሲወርድ መሬቱን ራቁቱን ጥለው የሚጠፉ ሰዎች ነበሩ። የራሱን መሬት እንደ ወደደ ማድረግ የማንም ባለ ርስት መብት ነው በሚባልበት አገር ይህ ከባድ ጥያቄ ሆነ። በአልበርታና በካንሳስ በወጣ ሕግ ባለሥልጣኖች አፈሩ የሚበንን መሬት እንዲታረም ማዘዝ ቻሉ። የአሜሪቃን የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1935 የመሠረቱት ሂዩ ቤኔት ግን ከትእዛዝ ይልቅ ማኅበር ይሻላል ብለው ያምኑ ነበር። በ1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለየግዛቱ ገዥዎች የሕግ ረቂቅ ላኩ፤ በዚህም መሠረት ገበሬዎች በድምፃቸው የአፈር ጥበቃ ወረዳ እያቋቋሙ፥ አለቆቹን ከራሳቸው መካከል መረጡ። መንግሥት ባለሙያ ይልካል፤ ሥራውን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ዛሬ እንዲህ ያሉት ወረዳዎች 3,000 ገደማ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተፈጸመ እንዳይባል፥ በ1940ዎቹ ዝናቡ ተመለሰ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የስንዴ ዋጋ እንደገና ወጣ። ሰዎችም ሣር የተመለሰበትን መሬት ደግመው ገለበጡት። ከ1950 እስከ 1957 በደቡቡ ሜዳ ድርቅ ሲሆን አቧራው ዳግመኛ ተነሣ። በወሰኑት ቦታዎች እርከኑና መቀነቱ ስለ ነበረ ብዙ መሬት ተርፏል፤ ለሌላው ግን በ1956 አዲስ ሕግ ወጣ። ገበሬው ለእርሻው ሁሉ አንድ ዕቅድ አውጥቶ ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚቆይ ውል ይገባል፤ መንግሥትም ከወጪው እስከ 80 በመቶ ይከፍላል። ይህ ፕሮግራም እስከ 1996 ቆይቷል። በእኔ አስተያየት ከዘዴዎቹ ሁሉ ብልኁ ይህ ውል ነው፤ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ገበሬው አሳቡን እንዳይለዋውጥ የሚያደርገው ነገር ዛፍም ማረሻም ሳይሆን አስቀድሞ የገባው ቃል ነውና።

ይህ ታሪክ ከአገራችንም ጋራ ይገናኛል። የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት (ከሂዩ ቤኔት የተለዩ ሰው ናቸው) በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። በዚያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ኮሌጁ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትን፥ በሐረርጌም የአለማያን የእርሻ ኮሌጅ፥ የዛሬውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፥ ለማቋቋም ረዳ፤ እስከ 1968 ድረስም መምህራን ይልክ ነበር። ስለዚህ የእርሻ ትምህርታችንን ከጀመሩልን መካከል አቧራው ከወረደበት አገር የመጡ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በሜዳው የሆነውን ባጭሩ ልጨርስ። በ1970ዎቹ የእህል ዋጋ ሲወጣ ብዙ የዛፍ ረድፎች ተቆረጡ። በ1985 በአሜሪቃ የወጣ ሕግ ደካማውን መሬት ወደ ሣር ለሚመልስ ገበሬ ኪራይ ይከፍላል። በሳስካችዋን ጦም ማሳደር እየቀረ፥ ብዙው ገበሬ ሳያርስ በአገዳው መካከል ይዘራል፤ አረሙን የሚያጠፋው ግን በመድኃኒት ስለሆነ ወጪውም ሌላው ጣጣም አለ።

ውሃውስ? ፍራንክ ዛይባክ በ1952 ባለ መብት የሆነበት፥ በመንኰራኵር እየተሽከረከረ የሚያጠጣ ረጅም ቧንቧ ከተስፋፋ ወዲህ፥ ከኦጋላላ የከርሰ ምድር ውሃ ዝናብ ከሚተካው በላይ ስለሚወጣ፥ በምዕራብ ካንሳስ ብዙ ጕድጓዶች ደክመዋል። እዚህም ላይ የአንዱ ጕድጓድ የጎረቤቱን ውሃ ይስባል። በሰሜን ምዕራብ ካንሳስ በሸሪደን አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ተሰብስበው ከተከራከሩ በኋላ፥ ከ2013 ጀምሮ ለ5 ዓመት የሚያወጡትን ውሃ በ20 በመቶ ለመቀነስ ተስማሙ፤ ዘመኑ ሲያልቅም ውሉን አደሱት።