ባትሪው ነው ወይስ ማሳው?

አሮጌ ትራክተር ላላችሁ ሁሉ፤ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ

ሰውየው አርሲ ውስጥ፣ ከኢተያ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ስማቸው ይቆየን። ያላቸው ትራክተር ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው፤ ድሮ እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ይሠራ የነበረው ሞዴል። በሱ የራሳቸውን መሬት ያርሳሉ፣ ለጎረቤትም በኪራይ ያርሳሉ። የልጆቻቸው ደብተርና ልብስ የሚወጣው ከሱ ነው።

ችግሩ ጠዋት ጠዋት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለው ትራክተር ሲነጋ «ቀጭ» ብሎ ዝም! ጎረቤት ይጠራና ይገፋል። በኋላ ሰዉ ሲሰለች ትራክተሩን ቁልቁለት ላይ ማሳደር ጀመሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት አዲስ ባትሪ ገዙ፤ ሁለተኛውን በብድር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ አይደል? ሰኔ ሲገባ ለሦስተኛው ባትሪ ወይፈን ሊሸጡ ቆረጡ። ደግነቱ ከገበያው ቀን በፊት አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቤታቸው ድረስ መጣላቸው። ልጁ በቴስተር ለካካና፣

«አባባ፣ የተበላሸው ማሳዎ ነው» አላቸው።

«ማሳዬ ደግሞ ምን ሆነ? ገና መች ዘራሁት!»

ልጁ በሳቅ ፈረሰ። ጋራዥ ውስጥ «ማሳ» የሚሉት ከባትሪው አንድ ራስ ተነስቶ የትራክተሩን ብረት የሚይዘውን ወፍራም ገመድ ነው፤ ቃሉ ከጣልያን የቀረ ነው። የሳቸው ገመድ የታሰረው ቀለምና ዝገት ላይ ነበር። ዲናሞው ያመነጨው ኤሌክትሪክ ባትሪው ጋ በቅጡ አይደርስም። ሁለቱም ባትሪዎች አንድ ቀን እንኳን ሳይጠግቡ ነው የሞቱት።

ቀን ሠርቶ ሌሊት ለምን ይሞታል?

አሮጌ የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ ለመሥራት ባትሪ አይፈልግም። ስለዚህ ዲናሞው ባይሞላም ትራክተሩ ሲያርስ ይውላል፤ ጉዱ የሚወጣው በማግሥቱ ሞተሪኖው ጉልበት ሲጠይቅ ነው። ባለቤቱም ባትሪውን ይረግማል። ባትሪው ግን ብዙ ጊዜ ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለም።

ታዲያ ከየት ይጀመር?

አንደኛ፣ ችንጋውን እዩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መሀሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲሜትር ገባ ካለ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከላላ ወይም ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ይንሸራተታል፤ ዲናሞውን በወጉ አያዞረውም።

ሁለተኛ፣ የባትሪውን ራሶችና ማሰሪያዎቻቸውን ፍቱ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውኃና በሶዳ አጥባችሁ፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈትጉ። የማሳውን ገመድ ሌላኛውን ጫፍም እንዲሁ፤ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ!

ሦስተኛ፣ ቀዩን የባትሪ መብራት ተመልከቱ። ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ሞተር ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጥ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል። «አምፖል ምን አባቱ!» አትበሉ፤ በብዙ ዲናሞዎች ላይ ሥራ የሚያስጀምረው በዚያች አምፖል በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው።

አራተኛ፣ በቴስተር ለኩ። ያደረ፣ የሞላ የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ መጠነኛ ነዳጅ ሲሰጥ ቁጥሩ ወደ 14 ከፍ ማለት አለበት። ካልጨመረ እየሞላ አይደለም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እየቀቀለው ነው።

አምስተኛ፣ ልጁ ምስጢሩን ያገኘባት ይህቺ ናት። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት አብሩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ማሳ በሆነው የባትሪ ራስ ላይ፣ ሌላውን በዲናሞው ባዶ ብረት ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ጤነኛ ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ መንገዱ ላይ ሌባ አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልሞላ፣ ያኔ ዲናሞው ይፈታ። ብዙ ጊዜ ያለቀው ካርቦኑ ነው፤ እሱን መቀየር ዲናሞ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

አደራችሁን!

ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ይሠራ እንደሆን ልየው» የሚባለው የድሮ ፈሊጥ ይቅር፤ ዘመናዊውን ዲናሞ ያቃጥላል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳልና ሲጋራና ክብሪት አይቅረቡት። ውኃው ሲጎድል የተጣራ የባትሪ ውኃ እንጂ አሲድ አይጨመርም። ገመድ ሲፈታ ማሳው ይቅደም፤ ሲታሰር ደግሞ መጨረሻ ይሁን።

ሰውየው ለልጁ የድካሙን ከፈሉ፤ ሁለተኛውን ባትሪም ቻርጅ አስደረጉት። ያረጀ ነገር ሁሉ ሞቷል ብሎ መጣል የደሀን ቤት ያራቁታል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ትራክተሩ ዛሬ ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። ወይፈኑም ገበያ አልወጣም።